በፀሐይ የጠቆረው ጌም

መቱ ባለው የወላጆቼ ቤት፣ ከቡፌው ታችኛ መሳቢያ ውስጥ፣ እናቴ መጣል የማይሆንላትን ሁሉ የምታኖርበት የብስኩት ቆርቆሮ አለ። የሰዓት ማሰሪያ፣ የየትኛው በር እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ፣ የአባባ የድሮ መንጃ ፈቃድ፣ ከእነዚህ መካከል ደግሞ ስክሪኑ እንደ ጥላሸት የጠቆረ አንድ ብሪክ ጌም። ባለፈው የካቲት ለሥራ በመኪና ወደ ጋምቤላ ስሄድ አንድ ሌሊት ቤት አደርኩ። ጌሙን ከቆርቆሮው ሳወጣ እናቴ «ያንን ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው?» አለችኝ። «ላሠራው» አልኳት። ሳቀች። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ ተስፋ አልነበረኝም።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ አንባቢዎች ዕቃውን ታውቁታላችሁ። ከላይ ትንሽ ስክሪን፣ ከታች ትልቅ ክብ ቁልፍ፣ ፊቱ ላይ «9999 በ1» የሚል ጽሑፍ። በእርግጥ ጨዋታዎቹ 9,999 አልነበሩም፤ ጥቂቶቹ ናቸው ፍጥነታቸውና ደረጃቸው እየተቀያየረ የሚቆጠሩት። ዋናው ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እያዞሩ መደርደር ነበር። አንድ ልጅ ሲጫወት አምስት ልጅ ከትከሻው በላይ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ «አዙረው! አዙረው!» ይላል።

አልዌሮ ዳር የሆነው

አባባ ሾፌር ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ሳያገባ፣ አልዌሮ ግድብ ሲሠራ አፈር በሚያመላልስ ገልባጭ መኪና ላይ ሠርቷል። ግድቡ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ አቦቦ ወረዳ ውስጥ፣ በአልዌሮ ወንዝ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት እገዛ ለመስኖ እርሻ ተብሎ የተሠራ ነው። አባባ የሩሲያውያኑን መሐንዲሶች ወሬ ከጀመረ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አያቆምም።

በ1995 ዓ.ም. የፋሲካ ዕረፍት ላይ ጭነት ይዞ ወደ ጋምቤላ ሲወርድ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አስከተለን፤ የሠራበትን ግድብ ሊያሳየን። እኔ 9 ዓመቴ፣ ወንድሜ 7። ጌሙን ከመርካቶ ገዝቶ ካመጣልን ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር፤ ለሁለታችን አንድ፣ በተራ የምንጫወትበት። ግድቡ ጋ ስንደርስ ተራው የእኔ ነበር። ጌሙን ከመኪናው የፊት መስታወት ሥር አስቀምጬ ወረድኩ። አባባ «እዚህ ጋ አፈር እደፋ ነበር፣ ድንኳናችን እዚያ ማዶ ነበር» እያለ በጣቱ ሲያሳየን፣ አሣ የሚያጠምዱትን ሰዎች ስናይ፣ ሰዓቱ ሄደ። የጋምቤላን የሚያዝያ ፀሐይ የሚያውቅ የሚቀጥለውን ይገምታል። ስንመለስ ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል።

አባባ «ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» ሲል በጣቴ ወንድሜን አሳየሁ። አባባ ቁጡ ሰው አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን ተቆጣ። ወንድሜ «እኔ አይደለሁም» እያለ እስከ ጎሬ ዳገት ድረስ አለቀሰ። ማንም አላመነውም። እኔም ዝም አልኩ።

ስክሪኑ ውስጥ ምን አለ?

ያኔ «ተቃጠለ» ብለን ዘጋነው። ሃያ ዓመት አልፎ ነገሩን ሳነብ ግን ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ስክሪኑ ራሱ እንዳልሆነ ተረዳሁ።

የእነዚህ ጌሞች ስክሪን ከካልኩሌተርና ከዲጂታል ሰዓት ስክሪን ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ሁለት ስስ መስታወቶች አሉ፤ በመካከላቸው ፈሳሽ ክሪስታል የሚባል ነገር ተዘርግቷል። ከፊትና ከኋላ ደግሞ ፖላራይዘር የሚባል ስስ ፊልም ተለጥፏል። ይህ ፊልም ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ወንፊት ነው ብላችሁ አስቡት። ኤሌክትሪክ የደረሰበት ቦታ ላይ ፈሳሹ ክሪስታል አቀማመጡን ይለውጣል፤ ያኔ ብርሃኑ በሁለተኛው ፊልም ማለፍ ያቅተውና ያ ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታየናል። ጡቦቹን የምናያቸው እንዲህ ነው።

ስለዚህ አራት የተለያዩ ብልሽቶች ከውጭ ሲታዩ ሁሉም «ስክሪኑ ሞተ» ያሰኛሉ። ፊልሙ ወይም ሙጫው በሙቀት ሊበላሽ ይችላል። ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ሊላላ ወይም ሊቆሽሽ ይችላል። ከላይ ያለው መከላከያ ፕላስቲክ ተጭሮ ሊደበዝዝ ይችላል። ወይም መስታወቱ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከአራቱ የማይጠገነው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ መስታወት ሲሰበር ፈሳሹ ወጥቶ እንደፈሰሰ ቀለም ይንጣለላልና ስክሪኑን ከመቀየር ሌላ መፍትሔ የለውም።

የጋምቤላው ጠጋኝ

ጋምቤላ ሥራዬን እንደጨረስኩ ጌሙን ይዤ አንድ ትንሽ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ገባሁ። ወጣቱ ጠጋኝ አገላብጦ አየውና «እህቴ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?» አለ። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ከፍቶ እንደማያውቅ አልደበቀኝም። «ግን ስክሪን ስክሪን ነው፤ እንየው» አለና ካቻቢቴውን አነሳ።

መጀመሪያ ያገኘው የእናቴን ስህተት ነው። ባትሪ ድንጋዮቹ ሳይወጡ ስለተቀመጡ ፈሰው ብረቱን ነጭና አረንጓዴ ዝገት አልብሰውታል። በጥጥ አቼቶ እያስነካ አጸዳው፣ ቀጥሎ በአልኮል ጠረገው። አዲስ ድንጋይ ሲገባበት ያ የማይረሳ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ወጣ። ስክሪኑ አሁንም ጥቁር ነው። እሱ ግን ፈገግ አለ፤ ድምፅ ካለ ቦርዱ ደህና ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የጠቆረውን የፊት ፊልም ከጥግ በምላጭ አንስቶ በወረንጦ ቀስ እያለ ገሸለጠው። የቀረውን ሙጫ በአልኮል ሲያጸዳ ስክሪኑ እንደ መስኮት ጠራ፤ አንድም ነገር አይታይበትም። «ጨርሰህ ገደልከው» ልለው ምንም አልቀረኝም። እሱ ከጠረጴዛው ሥር የተሰበረ የላፕቶፕ ስክሪን አወጣና ከእሱ ላይ አንድ ቁራጭ ፊልም ላጠ። ቁራጩን ከጌሙ ስክሪን በላይ ይዞ እንደ ቁልፍ ማዞር ጀመረ። በአንድ አቅጣጫ ጡቦቹ ጥቁር ሆነው ወጡ። ሩብ ዙር ሲያዞረው ሁሉም ተገለበጠ፤ ጀርባው ጠቆረ፣ ጡቦቹ ነጡ። ወደ መጀመሪያው መልሶ በደንብ የሚታይበትን ማዕዘን ምልክት አደረገ፣ በልኩ ቆረጠና ለጠፈው። ሙሉ ጊዜ የነበሩት ጡቦች ናቸው፤ የምናይበት ፊልም ነበር የጠፋው።

ሁለት ቋሚ መስመሮች ግን አልታዩም። በስክሪኑና በቦርዱ መካከል አንድ ቀጭን ላስቲክ አለ። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍና የማያሳልፍ ሽፋን እየተፈራረቀ ስለተደረደረበት ባለሙያዎቹ «ዜብራ» ይሉታል። እሱንና የመስታወቱን ጠርዝ ጠራርጎ ብሎኖቹን እኩል አጠበቀ። አንዱ መስመር ተመለሰ። በስተቀኝ ጫፍ ያለው አልተመለሰም። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ የጠየቀኝ ገንዘብ ለሁለት ሰው ምሳ አይበቃም ነበር። ጨምሬ ሰጠሁት።

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው አዲስ ዕቃ እንዲገዛ ማባበል እንጀራዬ ነው። «ተበላሸ» የሚለው ቃል ለእኛ የሽያጭ መጀመሪያ ነው። የዚያን ቀን ግን «ተበላሸ» ያልነው ነገር «ምኑ?» የሚል አንድ ጥያቄ እንደሚቀረው አየሁ።

ግድቡና ጨዋታው

በማግስቱ ጌሙን ይዤ አልዌሮ ሄድኩ። ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ ስጫወት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጡቡን ጨዋታ ቴትሪስን የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ፣ የሞስኮ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። አባባ ከሩሲያውያን ጋር አልዌሮ ላይ አፈር በሚያመላልስበት በዚያው አሥርት ዓመት መሆኑ ነው። የአግድመት 10፣ የቁመት 20 ጡብ የሚይዘው የጨዋታ ሜዳም ከዚያ የመጣ ነው።

ጨዋታውን ዓለም ሁሉ ያወቀው ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1989 ጌም ቦይን ካወጣ በኋላ ነው። ጌም ቦይና ተከታዩ ጌም ቦይ ከለር በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል። ዛሬ በብዙ አገሮች እነዚህን ዕቃዎች እየፈለጉ የሚጠግኑ ሰዎች አሉ። የመጀመሪያው ጌም ቦይ በስፋት የሚታወቅበት ብልሽት የእኛውን ይመስላል፤ ቋሚ መስመሮች ይጠፋሉ። ከስክሪኑ ሥር ያለውን ስስ ሪባን በካውያ በጥንቃቄ ሲያሞቁት ግንኙነቱ ተመልሶ ይይዛል፣ መስመሮቹም ይመለሳሉ። የስክሪን መብራት ስላልነበረው ብርሃን ያለው አዲስ ስክሪን የሚገጥሙለትም አሉ። የእኛን ብሪክ ጌም ግን እንዲህ የሚፈልግለት ሰብሳቢ የለም። ያለው የእናቶች ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ከመጣላችሁ በፊት

• ድምፅ አለው? ድንጋይ ቀይሩና አዳምጡ። የሚጮኽ ጌም ብዙ ጊዜ የሚድን ጌም ነው።

• ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ጠቁሮ ከሆነ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ። አንዳንዱ በራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ ፊልሙን ጠርጥሩ።

• መስመር ከጎደለ የላላ ወይም የቆሸሸ ግንኙነት ሊሆን ይችላል። ጠጋኙ ዜብራውን ወይም ሪባኑን እንዲያይ ንገሩት።

• የላይኛው ፕላስቲክ ከተጫጫረ ነጭ የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። ይህን ግን ከሥር ባለው ፊልም ላይ አትሞክሩት።

• መስታወቱ ተሰብሮ ፈሳሽ ከወጣ ልጆች እንዳይነኩት አድርጉ፤ የነካው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

• ለማስቀመጥ ከሆነ ድንጋዮቹን አውጡ። ይህንን ለእናቴም ነግሬያታለሁ።

ተራው የማን ነው?

ስመለስ መቱ አደርኩ። አባባ መነጽሩን አድርጎ፣ ብርሃን ፍለጋ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ተጫወተ። የጎደለችውን የቀኝ ጫፍ መስመር በሦስተኛው ጨዋታ ለመዳት፤ ሳያያት ይቆጥራታል።

«አባባ፣ ያን ቀን መኪናው መስታወት ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩ» አልኩት።

«የቱን ቀን?»

ነገርኩት። ግድቡን ያስታውሳል፣ ፀሐዩን ያስታውሳል፣ መቆጣቱን ግን ረስቶታል። ያልረሳው ሌላ ሰው ነው። ሃዋሳ የሚኖረው ወንድሜ ጋ በቪዲዮ ደውዬ ጌሙን አሳየሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «23 ዓመት!» ብሎ ጮኸ። «ስልኩን ለአባባ ስጪው።»

አባባ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አዳመጠው። «ይቅርታ ልጄ» አለው። «ሳልጠይቅ ነው የተቆጣሁህ።» ሌላ ብዙ አላወሩም።

ወንድሜ ለፋሲካ ወደ መቱ ይመጣል። ጌሙ ቡፌው ላይ ነው፤ ድንጋዮቹ ወጥተው ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እስከዚያ ማንም አይነካውም፤ ተራው የእሱ ነው።