አባይ ዳር ማን ይኖራል?

ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አባይ ከተነሳ ጨዋታው ወዲያው ወደ ግድቡ ይዞራል፤ 5,150 ሜጋዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ፣ ግብጽ እንዲህ አለች። ወንዙ ዳር ማን እንደሚኖር የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

የወንዙ ራስ ሰከላ፣ ግሽ አባይ ነው፤ ለምእመናን ጠበል ነው፣ ግዮን የሚሉትም እሱን ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ደርሰውበት ስማቸውን አስጠሩ፤ ለአገሩ ሰው ምንጩ ጠፍቶበት አያውቅም።

ጣና ዳር ወይጦዎች አሉ። ታንኳቸው ከደንገል ነው፦ ቆርጠው ያደርቁታል፣ በነዶ በነዶ ያስሩታል፣ ጫፉን ወደ ላይ ይቆለምሙታል። ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ መልስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። ከዘጌ ማገዶ ወደ ባሕር ዳር ሲጓጓዝ የኖረው በዚሁ ታንኳ ነው። ወይጦዎች ሙስሊም ናቸው፤ ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጸየፋቸው ነበር። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ባሕር ዳር ስትሰፋ እነሱ ተገፍተዋል፤ ደንገሉም ሳስቷል።

ከጢስ አባይ በታች ወንዙ ገደል ይገባና ጎጃምን እየዞረ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ ይለየዋል። ደገኛው ሙቀቱንና ወባውን ፈርቶ አፋፉ ላይ ይኖራል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አባይን አብዝተን የምንዘፍነው እኛ ደገኞቹ ባለወንዝ አይደለንም።

ቆላው የጉሙዝ፣ የሺናሻና የበርታ ነው። ጉሙዝ መሬቱን መንጥሮ ማሽላ ይዘራል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያሳርፈዋል። ሴቷ ሸክሟን በጀርባዋ አታዝልም፤ ትከሻዋ ላይ ባጋደመችው ዘንግ ሁለት ጫፍ አመዛዝና ትሸከማለች። ደገኛው ወደዚህ ቆላ ይወርድ የነበረው ባሪያ ሊፈነግልም ጭምር ነው፤ ይህ ዳንፎርዝ ላይ ሲነሳ አልሰማሁም።

ከድንበር ወዲያ የሴናር ግድብ በ1925 (እ.ኤ.አ.) ተሠርቶ የገዚራን ጥጥ አጠጣ፤ ካርቱም ላይ ነጭ አባይ ይቀላቀላል።

ከድንበሩ ወዲህ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የኢትዮጵያው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ፣ ውሃው ከሚተኛበት መሬት የተነሱት በአብዛኛው ጉሙዞች ነበሩ። ወንዙ ሲጎድል ዳርቻው ላይ የሚዘሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ከአሸዋው ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ወደ አዳዲስ መንደሮች ተዛወሩ። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ለግድቡ ቦንድ የገዛን ሁሉ ከሜጋዋቱ እኩል ልንጠይቅ የሚገባን፣ የአዲሱ ሐይቅ ዓሣ ለእነዚህ መንደሮች ይደርሳል ወይስ መረብና ሞተር ጀልባ ይዞ ለሚመጣ ነጋዴ የሚለውን ነው።