ማንም የማይልክልን መጽሐፍ

በሰኔ መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ሁሉ አንድ የሚያደርግ ወረቀት አለ፤ ክሊራንስ። ዶርም ይፈርማል፣ ካፌ ይፈርማል፣ ስፖርት ክፍል ይፈርማል፤ ሰልፉ ሲረዝም የሚታየው ግን ላይብረሪ መስኮት ላይ ነው። አንደኛ ሴሚስተር ላይ የተዋሰው፣ ለዶርም ጓደኛው ያዋሰው፣ ጓደኛውም ለሌላ ያቀበለው የካልኩለስ መጽሐፍ ያን ቀን ይፈለጋል። ከጠፋ ዋጋውን መክፈል ወይም አምሳያውን ገዝቶ መተካት ነው፤ ያለዚያ ማኅተም የለም፣ ያለ ማኅተም ደግሞ ትራንስክሪፕት የለም። ቤተ መጻሕፍትን እንደ ንብረት ክፍል የማየት ልማዳችን ከዚህ መስኮት ሳይጀምር አልቀረም።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲን እንይ፤ አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዚያው የአዊ ዞን ከተማ፣ የቀድሞ ሰዎች ኮሶበር በሚሏት እንጅባራ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት የሚያቋርጣት የደጋ ከተማ ናት። ክረምቷ ረጅም ነው፤ ዝናቡና ጉሙ ለእርሻው በረከት ቢሆንም ለወረቀት ግን ጠላት ነው። ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ሰነድ እንኳ ካልተናፈሰ ይሻግታል።

አዲስ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ይሠራለታል፣ መምህር ይቀጠርለታል፤ መደርደሪያው ግን ባዶውን ይረከባል። ስድስት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ከጀርባው እ.ኤ.አ. በ1950 ከተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጀምሮ የተጠራቀመ ንባብ አለው። አዲሱ ያለው የጨረታ ሰነድ ነው። በጨረታ የሚገዛ መጽሐፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካሪኩለሙ ከተቀየረ በኋላ ነው። በእርዳታ የሚመጣውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሰጪውን ማመስገን ተገቢ ቢሆንም፣ የአሜሪካን የግብር ሕግ የሚተነትን ወፍራም የአካውንቲንግ መጽሐፍ ለእንጅባራ ተማሪ ከመደርደሪያ ማሞቂያነት አያልፍም።

እንዲያም ሆኖ ተማሪው መጽሐፍ አጥቶ አልተቀመጠም። ፒዲኤፉን መምህሩ ራሱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀዋል፤ ሃንድአውቱን ኮፒ ቤት ያባዛዋል። ታዲያ የንባብ አዳራሾች ለምን ይሞላሉ? መልሱ ወንበር ነው። ስድስትና ስምንት ሆነው ከሚኖሩበት ዶርም ይልቅ መብራት ያለው፣ ጸጥ ያለና ከብርድ የሚያስጠልል ቦታ ነው ተማሪው የሚፈልገው። በፈተና ሰሞን በማለዳ የገባ ሰው ባለቤት የሌላቸው ወንበሮች ያያል፤ አንዱ ላይ ጋቢ፣ አንዱ ላይ ውኃ የያዘ ሃይላንድ፣ አንዱ ላይ የታጠፈ ካርኒ ብቻ። ቦታ ተይዟል ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ ግዴታ ከሆነ ወዲህ ይህ የወንበር ግብግብ ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ አራት ዓመት የተማረ ሰው 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝምና። ስለዚህ የንባብ ሰዓት ማራዘም፣ ጄኔሬተር፣ ሶኬትና ንጹሕ ሽንት ቤት የላይብረሪ ዋና አገልግሎቶች ናቸው። በዓመታዊ ሪፖርት ላይ ግን ሁልጊዜ የሚቀድመው የመጻሕፍት ብዛት ነው።

መምህሩ ጋ ስንሄድ ጉዳዩ ይለያል። እሱ የሚፈልገው ጆርናል ነው፤ የአንድ ጆርናል የዓመት ክፍያም ብዙ ጊዜ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው በር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ የጤና ጆርናሎችን የሚያስነብበው ሂናሪ፣ በ2003 የተከተለው የግብርናው አጎራ፣ ከዚያም ሌሎቹ፣ ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚል ስም ተጠቃለዋል። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ወገን ናት። የሚመዘገበው ተቋሙ ነው፤ የይለፍ ቃሉም የሚሰጠው ለተቋሙ ነው። ይለፍ ቃሉ የት አለ? ብዙ ቦታ አንድ የላይብረሪ ባለሙያ ኪስ ውስጥ ወይም ዴስኩ መስታወት ሥር። ሳይንስ ፋኩልቲ ያለው ወጣት ሌክቸረር ይህን ሳያውቅ ውጭ አገር ላለ ጓደኛው «ይህቺን አርቲክል አውርድልኝ» እያለ ይለምናል፤ ወይም ጽሑፎችን ያለ አሳታሚ ፈቃድ ወደሚያድለው ድረ ገጽ፣ ወደ ሳይ ሀብ ይሄዳል። የይለፍ ቃል ለመምህራን በኢሜይል ማዳረስና በዓመት ሁለት ጊዜ የግማሽ ቀን ሥልጠና መስጠት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ መስመር ሲኖር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ንባቡን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ምን እንደሚሆን ታየ። ከዚያ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፤ የላይብረሪው ሰርቨር የግቢውን ኮርሶች መጻሕፍት፣ ያለፉ ፈተናዎችን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ኪዊክስን የመሰለ ነገር በውስጥ ኔትወርክ ማቅረብ አለበት። ከውጭ ያለው መስመር ቢጠፋ ዋይፋዩ እስካለ ድረስ ይነበባል።

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ ግን ዞሮ ዞሮ በገንዘብ፣ በጨረታ ወይም በሌላ ሰው ቸርነት የሚመጣ ነው። ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል። ማንም የማይልከው ሌላ ነው፤ ስለ አካባቢው ራሱ የተጻፈው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን ካየ በኋላ ይዞት ከተመለሰው ጽሑፍ መካከል መኃልየ መኃልይን በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ያስተረጎመበት ይገኛል። ከቋንቋዎቹ አንዱ የዳሞት አገው ነው፤ ዛሬ አውኚ የምንለው። ያ ጽሑፍ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው። እዚያው አዊ ውስጥ፣ ዳንግላ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የኖረው ሮበርት ቺዝማን ነበር፤ የጣና ሐይቅና የዓባይ ወንዝ መጽሐፉን በ1936 አሳተመ። ስለ አውኚ ግሥ ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፈው ጥናት የታተመው ካሊፎርኒያ ነው። ዴቪድ አፕልያርድ የአገው ቋንቋዎችን ያነጻጸረበት መዝገበ ቃላትም እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን ውስጥ ወጣ። አውኚ በአዊ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ነው፤ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ ሒሳብና ሳይንስ ይማራሉ። መምህራኑን የሚያሠለጥነው ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲው ግን እነዚህን አራቱን እንኳ በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ ቢያንስ በቅጂ፣ ማግኘት የሚያስችል ክፍል ሊኖራቸው ይገባል። ዲጂታል ቅጂ መጠየቅ ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ የሚያስፈልገው ጠያቂ ተቋም ነው።

ያለፈውን ትተን የአሁኑን ብናይ ይብሳል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ በየዓመቱ የሚታተመው መጽሔትና ፖስተር፣ የሽማግሌዎቹ ቃል፣ ማን ይሰበስበዋል? ስለ ዘንገና ሐይቅ፣ በየማሳው ስለተስፋፋው ዲከረንስ የተባለ ዛፍና ስለ ከሰል ንግዱ የተጻፈው የማስተርስ ጥናት ለምን ደራሲው ፍላሽ ላይ ይቀራል? ሕጉ ያለው ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የታተመ ሁሉ አዲስ አበባ ይግባ ይላል። እንጅባራ ላይ የተባዛ ባለ 20 ገጽ የአውኚ ተረት ያን ያህል ርቀት አይጓዝም።

ለዚህ ምሳሌ አለን። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም መጽሐፍ ብቻ አልሰበሰበም። የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸውን፣ በታይፕ የተመቱ ጽሑፎች ጭምር ያዘ። ብዙዎቹ ወጣቶች ለክረምት ወደየአውራጃቸው ሄደው አዛውንት ጠይቀው የጻፉት ነበር። አዛውንቶቹ አለፉ፤ ዛሬ ስለ ጎጃም፣ ስለ ወለጋ፣ ስለ ሐረርጌ የሚጽፍ የታሪክ ምሁር ያንን የተማሪ ወረቀት ሳይጠቅስ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ማንም ቁም ነገር ብሎት አልነበረም፤ የሰበሰበው ቤተ መጻሕፍት ግን ቁም ነገር አደረገው።

ፖሊሲውም ቢሆን አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ባጸደቀው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ መሠረት በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ጥናት ሁሉ በነጻ እንዲነበብና በብሔራዊው ዲጂታል ቋት እንዲቀመጥ ይጠበቃል። ለየዩኒቨርሲቲው ቋት የሚሆነው ዲስፔስ ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ካታሎጉን የሚይዘው ኮሃም እንዲሁ። የሚጎድለው በቴሲስ ማስረከቢያ ላይ ያለ አሠራር ነው። ተመራቂው ጠንካራ ሽፋን ያስለብሳል፣ ሁለት ኮፒ ያስገባል፣ ሲዲ ያያይዛል። ሲዲው መሳቢያ ገብቶ ይቧጨራል፤ በአሁኑ ጊዜ አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ የሲዲ ማጫወቻ እንኳ የለም።

ስለዚህ የክሊራንሱን መስኮት ባንጠላው ይሻላል፤ ሥራውን ብንቀይርለት ነው። «የተዋስከውን መልስ» የሚለው ማኅተም «የጻፍከውን አስገባ» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት፤ ፋይሉ ቋት ውስጥ ሲታይ ብቻ ይፈረም። ስለ አዊ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ አንድ ቅጂ ለመምህራን ትምህርት ኮሌጁ ይሂድ። ይህን ለመወሰን በጀት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሴኔት አጀንዳ መሆን ይበቃዋል።