የመውሊድ የስኳር አሻንጉሊቶች

ለመሆኑ በካርቱም ለመውሊድ የሚሸጡት ባለቀለም አሻንጉሊቶች ከምን ይሠራሉ? ከስኳር ነው! ስኳሩ በውሃ ይፈላና ቀለም ይገባበታል። ትኩሱን የእንጨት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያፈሱታል፤ ሲደርቅ ከፍተው ያወጡታል። በልማድ ለሴት ልጅ ሙሽራ፣ ለወንድ ልጅ ፈረሰኛ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ እስኪጀመር፣ በኦምዱርማን ኸሊፋ አደባባይ የጣፋጭ ድንኳኖች በበዓሉ ሰሞን ይደረደሩ ነበር።

በስፔን ቫሌንሲያም ለፋያስ በዓል ባለቀለም ሐውልቶች ይሠራሉ። መጀመሪያ በኤግዚቢሽን ይታያሉ፤ ሕዝብ በድምፅ የመረጣቸው ይተርፋሉ፣ አብዛኞቹ ማርች 19 ሌሊት ይቃጠላሉ። የካርቱሙ ግን ይበላል። የሚተርፈው ቅርጽ ማውጫውና የሠሪው ሙያ ብቻ ነው፤ ሠሪው ከተሰደደ ደግሞ ሙያውም አብሮት ይሰደዳል።

ስለዚህ መምህራን፣ ካርቱም የኖሩ ተማሪዎቻችሁ የሚያስታውሱትን በጭቃ ሠርተው ለጓደኞቻቸው ያስረዱ። ያየው ካልነገረን ማን ይነግረናል?