«ያ ዘንዶ፣ ካንሰር»
የልጅ ልጃችሁ «ጌም መሥራት እፈልጋለሁ» ቢላችሁ፣ «ያው ተኩስ ነው» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ስለ ምን እንደሆነ ጠይቁት።

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ራያንና ኤሚ ግሪን የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ። ልጃቸው ጆኤል ገና በ1 ዓመቱ የአንጎል ካንሰር ተገኘበት። ፕሮግራም ሠሪው አባት የማስታመሙን ጊዜ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጌም አደረገው፤ «ያ ዘንዶ፣ ካንሰር» አሉት። ጆኤል እ.ኤ.አ. በ2014 በ5 ዓመቱ አረፈ፤ ጌሙ በ2016 ወጣ።

በአንዱ ክፍል ሕፃኑ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊቱን ያለቅሳል። ተጫዋቹ ቢያቅፈው፣ ቢያባብለው፣ ጭማቂ ቢሰጠው አይሆንም። ሕፃናት ክፍል ተረኛ ሆነን ያደርን ነርሶች ይህን ሰዓት እናውቀዋለን፤ «ሲስተር፣ ምን ላድርግለት?» ስንባል መልስ የሚጠፋበት። ራያን በእውነተኛው ሌሊት ሁሉ ነገር ሲያቅተው ጸለየ፤ ልጁም ጸጥ አለ። በጌሙም እንዲሁ ነው።