በሩም ክፍሉም እኩል ይሁን



እኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች በቅርቡ ለትምህርት ቤት ዲሬክተሮች በተዘጋጀ ሥልጠና፣ ሂሽታልሙት በሚባለው፣ ላይ ተገኝተን ነበር። የተወያየነው ስለ ተማሪዎች ምዝገባ ነው።

አንድ ዲሬክተር አዲስ ገቢ ልጆችን በአንድ ክፍል የሰበሰቧቸው ዕብራይስጥ እስኪለምዱ ብለው እንደሆነ ገለጹ። ሁለተኛው ዓመት ሲጀምር ግን ልጆቹ እዚያው ክፍል እንደ ነበሩ አልሸሸጉም። እኛም በጎ አሳብ ብቻውን ልጅን እንደማያስተምር ነገርናቸው። በሩ ተከፍቶለት ገብቶ ከጓደኞቹ የተለየ ልጅ፣ በር ከተዘጋበት ልጅ ብዙም አይሻልም።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግ ትምህርት ቤትም ሆነ ማዘጋጃ ቤት ልጅን በወገኑ ወይም በቤተሰቡ ኑሮ ምክንያት እንዳያበላልጥ ይከለክላል። ይህም በምዝገባ፣ በቅበላና ክፍል በመለየት ጭምር ነው። ሕጉን የጣሰ በእስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል።

ዲሬክተሮቹ ሕጉን ቢማሩም፣ ሥራ ላይ የሚውለው ወላጅ ሲጠይቅ ነው። ስለዚህ፦

- «ቦታ የለም» ከተባላችሁ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ።
- ልጃችሁ የትኛው ክፍል እንደ ተመደበና ለምን እንደሆነ ጠይቁ።
- ወደ ልዩ ትምህርት ይዛወር ቢባል ሳይገባችሁ አትፈርሙ። ውሳኔውን ካልተቀበላችሁ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ።
- አስተርጓሚ እንዲመጣላችሁ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ።

በአገር ቤት መምህርን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። በልጅ ትምህርት ላይ ግን ዝምታ ይጎዳል፤ እዚህ መጠየቅ የወላጅ ድርሻ ነው።