ለጥቃቅን ጥገና ከማሽኑ በፊት እጅ ይቀድማል

ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዋጋም አብሮ ተሰቀለ። ስለዚህ "ቦርዱ ተበላሽቷል፣ ሌላ ይገዛ" ብሎ ደንበኛን መሸኘት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም።

ቦርድን ከሥራ ውጭ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ አንድ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም ሾርት ያደረገ ካፓሲተር ነው። እነዚህ ክፍሎች እንደ ድሮው ሬዲዮ እግራቸው በቀዳዳ አያልፍም፤ በቦርዱ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። 0603 የሚባለው መጠን 1.6 በ0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ያየ ባለገንዘብ ሥራው ያለ ውድ ማሽን አይሞከርም ይላል። ስሌቱ ግን ሌላ ነው።

ቤት ውስጥ ለመጀመር የሚያስፈልገው ሙቀቱ የሚስተካከል የመበየጃ ብረት፣ ጫፉ የሾለ ወረንጦ፣ ፍላክስ፣ ቀጭን የሶልደር ሽቦ፣ ትርፍ ሶልደር የሚመጥ የመዳብ ጥልፍ፣ ማጉያ መነጽርና ቴስተር ነው። አሠራሩም ረቂቅ አይደለም። በመጀመሪያ ክፍሉ ከሚያርፍባቸው ሁለት ቦታዎች በአንዱ ላይ ጥቂት ሶልደር ይደረጋል። ከዚያ ክፍሉ በወረንጦ ተይዞ ሶልደሩ እንደገና ሲቀልጥ ይቀመጣል። አንዱ ጫፍ ከያዘ በኋላ ሌላው ይበየዳል። ብዙ እግር ያለው ቺፕ ከሆነ ሁለት ማዕዘኖቹ ይያዙና ፍላክስ ተቀብቶ ብረቱ በእግሮቹ ላይ ይጎተታል። የተያያዙ እግሮችን የመዳብ ጥልፉ ያላቅቃል።

ኪሣራ የሚመጣው በሙቀት ነው። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለው ሶልደር በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ጀምሮ እርሳስን ስለገደበ፣ በርካታ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት እርሳስ አልባ ሶልደር ግን 217 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ይህን ያልተረዳ ጠጋኝ ብረቱን አብዝቶ ሲጭን የመዳቡ መስመር ከቦርዱ ይነሣል፤ የደንበኛው ንብረትም በዕዳ ይቀራል። መፍትሔው ፍላክስ መጨመርና በአሮጌው ላይ ጥቂት እርሳስ ያለበት ሶልደር ማቅለጥ ነው፤ ድብልቁ በአነስተኛ ሙቀት ይለቃል። በፍላክስ የሚቆጥብ ሰው በቦርድ ይከፍላል።

የትምህርቱ ክፍያም ከባድ አይደለም። ቆራሌው የሚሰበስበው የማይሠራ ቦርድ መለማመጃም የክፍል ምንጭም ይሆናል። የደንበኛ ዕቃ ከመንካት በፊት በእንደዚህ ያለ ቦርድ ላይ ክፍሎችን ደጋግሞ ማንሣትና መልሶ መለጠፍ ይበጃል። ጢሱ እንዲወጣ መስኮት መክፈት፣ ከሥራ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ የግድ ነው።

ወሰኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። መገናኛው ከሆዱ ሥር የተደበቀ ቺፕ በመበየጃ ብረት አይደረስበትም፤ ሙቅ አየር የሚነፋ ማሽን ይጠይቃል። በዚህ መስክ ገንዘቡን ሊያውል የሚያስብ ሰው እንግዲህ ማሽኑን ከመግዛቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ በብረትና በወረንጦ ብቻ ቦርድ የሚያስነሣ እጅ አለው ወይ? ያ እጅ ከሌለ ማሽኑ የሚያፋጥነው ኪሣራውን ነው።