የአልጌ ሰማያዊ ፕሮቲን ጥቅም በንጽሕናው ይለካል

ስፒሩሊና የተባለው ደቂቅ አልጌ በተመራማሪዎች ከተጠናባቸው የኢትዮጵያ ሐይቆች መካከል በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የጪቱ ሐይቅና በቢሾፍቱ አካባቢ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ ይጠቀሳሉ። ሶዳ በበዛበት ውኃ የሚራባው ይህ አልጌ የፀሐይ ብርሃን የሚሰበስብበት ፋይኮሳያኒን የተሰኘ ሰማያዊ ፕሮቲን አለው።

ፕሮቲኑ ለምግብ ማቅለሚያነት ይውላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 የስፒሩሊና ተዋጽኦ ለከረሜላና ለማስቲካ ማቅለሚያነት እንዲያገለግል ፈቅዷል። እጅግ የተጣራው ዓይነት ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ብርሃን ስለሚፈነጥቅ በላቦራቶሪ ምርመራ ለምልክትነት ያገለግላል።

የሁለቱ አገልግሎቶች ልዩነት የሚታወቀው በንጽሕና መለኪያ ነው። ፋይኮሳያኒን በ620 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት የሚውጠው የብርሃን መጠን፣ ፕሮቲኖች በአጠቃላይ በ280 ናኖ ሜትር ለሚውጡት መጠን ይካፈላል። ውጤቱ 0.7 ሲደርስ ለምግብ የሚሆን፣ ከ4 ሲበልጥ ደግሞ ለረቂቅ ምርመራ የሚሆን ደረጃ ተደርጎ ይወሰዳል።

በማጣራት ሂደቱ አልጌው በተደጋጋሚ በማቀዝቀዝና በማቅለጥ ሴሎቹ እንዲፈነዱ ይደረጋል። ስብርባሪው በሴንትሪፊውጅ ከተለየ በኋላ አሞኒየም ሰልፌት የተባለ ጨው ተጨምሮ ፕሮቲኑ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ቀጥሎም ጨውን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ውስጥ ጨው ይወገድለታል።

የመጨረሻው ሥራ የክሮማቶግራፊ ነው። ፈሳሹ አዎንታዊ ኤሌክትሪክ ባላቸው ጥቃቅን እንክብሎች በተሞላ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ አሉታዊ ኤሌክትሪክ ያለው ፋይኮሳያኒን እንክብሎቹ ላይ ይጣበቃል። በቱቦው የሚያልፈው የጨው ውኃ መጠኑ ቀስ በቀስ ሲጨመር ፕሮቲኖቹ እንደ ጥብቀታቸው በየተራ ይለቃሉ፤ ሰማያዊው ክፍልም ለብቻው ይቀዳል። አስፈላጊ ሲሆን በሌላ ቱቦ በመጠናቸው እንደገና ይለያያሉ።

ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ደረጃ የተወሰነ ፕሮቲን ይባክናል፣ ወጪውም ይጨምራል። ፕሮቲኑ ሙቀትና ብርሃን ስለማይስማሙት ሥራው በቀዝቃዛና በጨለማ ስፍራ መከናወን ይኖርበታል።

በመሆኑም በዘርፉ የሚቀርብ የልማት ዕቅድ ሲመዘን የሚመረተው አልጌ በቶን መገለጹ ብቻ በቂ አይሆንም። የታሰበው አገልግሎት፣ የሚጠይቀው የንጽሕና ደረጃና እዚያ ለመድረስ የሚባክነው መጠን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለምግብ የሚውል ከሆነም ከከባድ ብረቶችና ከሌሎች አልጌዎች መርዝ ነፃ መሆኑ በላቦራቶሪ መረጋገጥ ይኖርበታል።